ከሰሌዳው በላይ የወጣው ውኃ

ወንዙን በዓይኔ ከማየቴ በፊት በጣቶቼ ነበር የማውቀው። የብዙ ዓመት ውኃውን፣ የጧቱን ልኬት ከማታው ጋር፣ ቁጥር በቁጥር ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ ስደርስ ቁጥሮቹ ከቀን ወደ ቀን ይዘላሉ፤ እኔም ነቃ እላለሁ። ከኅዳር ወዲያ ግን አንድ አንድ ሴንቲ እየቀነሱ ሲሄዱ ዓይኔ ይከብደኛል። ወንዙ የት እንደሚወርድ፣ ዳሩ ላይ ማን እንደሚኖር አላውቅም ነበር።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የውኃ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አባቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣ መምህር ስለነበር ከተማው ውስጥ አድጌም ገጠሩን አላውቀውም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ኮምፒውተር መጣልን። ለብቻው ክፍል ተሰጠው፤ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተደረገ፤ ሥራ ስንጨርስ በነጠላ ጨርቅ እንሸፍነዋለን። ከሱ ጋር አንድ ኢንጂነር ከአዲስ አበባ መጡ። የተፋሰሱን ጥናት የሚመሩ እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የጽሕፈት መኪና ላይ ጣቴ ፈጣን መሆኑን አይተው ከሁሉ ሠራተኛ መካከል እኔን መረጡኝ።

ሥራውን ያስረዱኝ ወረቀት ላይ ወንዞችን እየሳሉ ነው። ከጮቄ የሚወርዱት ጅረቶች አንድ በአንድ ተጠራቅመው ወደ ዓባይ ይገባሉ። እዚህኛው ላይ ግድብ ቢሠራ፣ እዚያኛው ለመስኖ ቢጠለፍ፣ ከተማው ቢሰፋ፣ ዝናብም ሦስት ዓመት ተከታትሎ ቢያጥር፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ውኃው ለማን ይደርሳል፣ ለማንስ አይደርስም? ይህን ኮምፒውተሩ እንዲያሰላ የኋላውን ሁሉ ማወቅ አለበት።

«ነቢይ ነው እንዳትዪ» አሉኝ ኢንጂነሩ። «የነገርሽውን ነው መልሶ የሚነግርሽ። ስለዚህ አትዋሺው።»

የኋላው ታሪክ ያለው በየወንዙ ዳር የተቀጠሩ አንባቢዎች በሚልኩት መዝገብ ውስጥ ነው። ወንዙ ውስጥ ሜትርና ሴንቲ የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ ይተከላል። አንባቢው ጧት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወርዶ ውኃው የደረሰበትን አይቶ ይጽፋል፤ ወሩ ሲያልቅ መዝገቡ ወደ እኛ ይመጣል። አንዳንዱ መዝገብ ጭቃ ነክቶት፣ አንዳንዱ ጥጃ አኝኮት ይደርሰናል። እኔ እሱን እያነበብኩ ስመታ ወራት አለፉ።

ኢንጂነሩ መዝገብ የሚፈትሹበት ቀላል ብልሃት ነበራቸው። የእያንዳንዱን ልኬት የመጨረሻ አሃዝ ማስቆጠር ነው። «ወንዝ ለዜሮና ለአምስት አያደላም» ይላሉ። «የሚያደላ ካለ አንባቢው ነው፤ ወይ ሰንፏል፣ ወይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገምታል።»

ከይጁቤ መንገድ በታች ባለ አንድ ወንዝ ላይ ይህን ስቆጥር እንግዳ ነገር አገኘሁ። ሁለት ዓመት ያህል ልኬቱ በሙሉ በዜሮ ወይም በአምስት የሚያልቅ ነው። ከአንድ መጋቢት ወር ጀምሮ ግን ሁሉም አሃዝ እኩል ይመጣል፤ ሦስቱም፣ ሰባቱም፣ ዘጠኙም። መዝገቡን ገልጬ አየሁ። የቁጥሮቹ መልክም ተለውጧል። የድሮዎቹ ቀጠን ያሉ፣ ብርዕ የለመደ ሰው የጻፋቸው ናቸው። የኋለኞቹ ትልልቅ፣ አንድ በአንድ ተጨንቀው የተሠሩ ናቸው። ከገጹ ግርጌ ያለው ፊርማ ብቻ ያው ነው፤ እሱም ከመስመሩ እየወጣ ሄዷል።

ለኢንጂነሩ አሳየኋቸው። ፈገግ አሉ። «ሰውየው ወይ መነጽር ገዝቷል፣ ወይ ሌላ ሰው ተክቷል። ከነገ ወዲያ መኪና ወደዚያ ይወርዳል፤ ሂጂና አጣሪ።»

ጥቅምት ነበር። ሾፌሩ መንገዱ ዳር አወረደኝና ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ተከትዬ ቁልቁል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄድኩ። አንባቢው የቅኔ መምህር መሆናቸውን፣ ዲማ ተምረው መምጣታቸውን፣ አገሩም የኔታ እንደሚላቸው በመንገድ ሰማሁ። ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ተማሪዎቻቸው ዙሪያቸውን ተቀምጠው ነው። ስቀርብ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

«የከተማ ጫማ ነው» አሉ። «ማን ነሽ?»

ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ተማሪዎቹን አሰናበቱና አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ያኔ ነው ዓይናቸውን ያየሁት። ሁለቱም ነጭ ለብሰዋል።

«ልኬቱን ልጠይቅዎ ነበር፣ የኔታ» አልኩ።

እሳቸው ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ ይመስል ነበር። «መጀመሪያ ጭጋግ ሆነብኝ» አሉ። «ሰሌዳው ላይ ትልልቆቹን ቁጥሮችና ረዘም ያሉትን ሰረዞች አያለሁ፤ በመካከል ያሉት ጥቃቅኖቹ ጠፉ። ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። ያላየሁትን መጻፍ መዋሸት ነው ብዬ። ኋላ ትልልቆቹም ሄዱ።»

ትልልቆቹ ቁጥሮች አሥር አሥር ሴንቲ ላይ፣ ረዘም ያሉት ሰረዞች አምስቱ ላይ ናቸው። እኛ መሥሪያ ቤት ተቀምጠን ስንፍና ያልነው የአንድ ሰው ዓይን ቀስ እያለ ሲጠፋ ነበር።

«ታዲያ አሁን ማን ነው የሚያነበው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«መጻፍ ይችላሉ?»

«ፊደል አልቆጠረችም። አሥሩን አሃዝ ብቻ ነው ያስተማርኳት፤ መዳፏ ላይ በጣቴ እየጻፍኩ። እኔ አላይ፣ እሷ አታውቅ፣ እንደዚያ ሆነን አንድ አንባቢ ወጣን።» ደግሞም ጨመሩ፤ «እኔ ስለካው ወንዙ ልኩን አያውቅም ነበር። እሷ መለካት ስትጀምር ግን ልኩን ዐወቀ።»

ቅኔ ለማያውቅ እንደኔ ላለ ሰው እንኳ ሁለቱም ፍቺ ገባኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ሚስትየው ከማሳ ሲመለሱ አብረን ወደ ወንዙ ወረድን። አምሳ ዓመት አካባቢ የሚሆኑ፣ አጠር ያሉ፣ እርምጃቸው ፈጣን ሴት ነበሩ። እማማ አልኳቸው። መንገዱ ላይ ብዙ አልተናገሩም። ሰሌዳው አንድ ትልቅ ቋጥኝ ላይ ተቸንክሯል፤ አራት ሜትር ላይ ያልቃል፤ ከሱ በላይ ቋጥኙ ብቻ ነው። በዚያ ወራት ውኃው ከሰሌዳው ግርጌ ብዙም ከፍ አላለም። እማማ ቁጢጥ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ለምን ይቆያሉ?» አልኳቸው።

«ውኃው ይተነፍሳል። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ሦስት ጊዜ እስኪተነፍስ አየውና መካከሉን እይዛለሁ።»

መዝገቡን ከመቀነታቸው አውጥተው ጻፉ። ሁለት አሃዝ ለመጻፍ እኔ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከምጽፍበት ጊዜ በላይ ወሰደባቸው። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁኝ። «ይህን ሁሉ ቁጥር ምን ታደርጉበታላችሁ?»

እንደገባኝ አስረዳኋቸው። ማሽን እንዳለን፣ ማሽኑ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ውኃው ለማን እንደሚበቃ እንደሚያሰላ፣ ለዚያም የዛሬውን ውኃ ማወቅ እንዳለበት።

«እኛ ስንሞት ላለው ጊዜ ነዋ።»

«አዎ።»

«ይህን ባውቅ ኖሮ ዓይኑ መድከም ሲጀምር እሱን አላስወርደውም ነበር» አሉ። ስንመለስ ዳገቱ ላይ እጄን ያዙና ቆሙ። «ልጄ፣ ሥራው በሱ ስም ነው። ዓይኑ ሄደ ብለው ከሰረዙት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለወንዙ የሚሆን ሰው ነኝ ብሎ ነው የሚያድረው። አትናገሪብን።»

አልናገርም አልኳቸው። በማግስቱ ኢንጂነሩ ሲጠይቁኝ «መነጽር ገዝተዋል» አልኩ። ኢንጂነሩ ሳቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋልኩ።

ሁለት ዓመት አለፈ። የዚያን ክረምት ዝናቡ በሐምሌ አጠረና በነሐሴ ያልወረደውን ሁሉ አንድ ላይ አወረደው። ከተማው ውስጥ እንኳ መንገዱ ጅረት ሆኖ ሰንብቷል። የነሐሴ መዝገቦች ጳጉሜን አልፈው በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ደረሱን። የዚያን ወንዝ መዝገብ ከፍቼ ስመታ አንድ ቀን ላይ እጄ ቆመ። በእማማ ትልልቅ አሃዞች አራት መቶ ዘጠና ሴንቲ ይላል። ሰሌዳው አራት መቶ ላይ ነው የሚያልቀው። ሌላ ማስረጃ የለም፤ እማማ ቁጥር እንጂ ቃል መጻፍ አይችሉም። የኔታም ለማስጻፍ አላሰቡ ይሆናል። ከዚያ በፊት ያለው ቀን ሦስት መቶ ምናምን፣ ከዚያ በኋላ ያለውም እንዲሁ ነው።

ኮምፒውተሩም ቁጥሩን አልወደደውም፤ በቀይ አሳየው። ኢንጂነሩን ጠራኋቸው።

ጎንበስ ብለው አዩት። «ሰሌዳው አራት ሜትር ነው። አራት ዘጠና ሊያነብ አይችልም። ሦስት ዘጠና ሊል ፈልጎ ይሆናል፤ ወይ መነጽሩ ተሰብሯል።»

እኔ ወደ መዝገቡ ተመለከትኩ።

«አንባቢውን አይተሽዋል አይደል? ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ ግልጽ ነው። አንባቢው ሴት ናቸው፤ ውኃው ሦስት ጊዜ እስኪተነፍስ ጠብቀው የሚጽፉ ናቸው፤ ያላዩትን አይጽፉም፤ እንዴት እንደለኩት አላውቅም፣ ግን ይላኩኝና ልጠይቃቸው። ይህን ካልኩ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዋሸሁ ይታወቃል። ጥናቱ በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነው። ኢንጂነሩ ለኮምፒውተር ሥልጠና ስሜን ከአንድ ወር በፊት ልከዋል። ከማንም ይልቅ ደግ ባደረጉልኝ ሰው ፊት ዋሾ ሆኜ መቆም አቃተኝ።

«ሽማግሌ ናቸው» አልኩ።

«አጥፊው እንግዲያ። ማሽኑ ጎረቤቱን ወንዝ አይቶ ይሙላው።»

ኮምፒውተር አንድ ነገር ሲያጠፉበት መጀመሪያ ይጠይቃል፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ። አዎ የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኑ ትንሽ ቆየና በእማማ ቁጥር ቦታ ሦስት መቶ ስድሳ አስቀመጠ። ከአጠገቡ ካሉት ቁጥሮች ጋር ተስማምቶ ተቀመጠ። ቀይ ቀለሙም ጠፋ።

ሥልጠናው ተሰጠኝ። ስመለስ ታይፒስት መባሌ ቀረና የመረጃ ሠራተኛ ተባልኩ። ኢንጂነሩ ጥናቱን ጨርሰው ወደ ሌላ ተፋሰስ ጥናት ተዛወሩ። አገባሁ፤ ወለድኩ። የዚያ ወንዝ መዝገብ በየወሩ ይመጣል፤ እኔም አስገባለሁ። አንድ ወር ላይ ከገጹ ግርጌ ፊርማው ቀርቶ የአውራ ጣት አሻራ አገኘሁ። የኔታ አርፈው ነበር። የቀብራቸው ቀን የትኛው እንደነበር ከመዝገቡ ማወቅ አልቻልኩም፤ አንድም ቀን፣ ጧትም ማታም አልተዘለለም። አዲሱ ኃላፊ አሻራውን ሲያዩ ምንም አላሉም። ውሉ በሚስትየው ስም ይዛወር ብለው በአንዲት ማመልከቻ ላይ ፈረሙና አለቀ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ያችን ታህል ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም የምልበት ምክንያት አልቀረኝም፤ ግን ዝም አልኩ። ያለፈ ቁጥር ነው፣ ማን ይጠይቃል እያልኩ።

ሚሊኒየሙ ከገባ በኋላ በዚያ ወንዝ ላይ የመስኖ ጠለፋ ተሠራ። ውኃውን የሚገታ አጭር የድንጋይና የሲሚንቶ ግንብ፣ ከግንቡም ወደ ማሳ የሚሄድ ቦይ ነው። የግንቡን ቁመትና ግራና ቀኝ ዳሩን የሚይዙትን ክንፎች ጥንካሬ የወሰኑት ሰዎች፣ ወንዙ ከዚህ በፊት ያመጣውን ትልቁን ጎርፍ ከእኛ ኮምፒውተር ወሰዱ። ኮምፒውተሩም የነገርነውን መልሶ ነገራቸው።

በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ጎርፉ መጣ። በግንቡ አናት ላይ አለፈ፤ የግራውን ክንፍ ገነጠለው፤ ቦዩን ተከትሎ ወጥቶ በቁጥር ብዙ ያልሆኑ ግን ሌላ መሬት የሌላቸው ሰዎች ማሳ ላይ ጠጠርና አሸዋ ከመረበት። ቀን ላይ ስለነበር ሰው አልሞተም። የእማማም ማሳ እዚያ ነበር።

ውኃው ሲጎድል ለማጣራት ሄድን፤ ኃላፊው፣ አንድ ቀያሽና እኔ። የወንዙን መረጃ አሳትሜ በክንዴ ስር ይዣለሁ። የመንደሩ ሰው በተሰበረው ክንፍ አጠገብ ተሰብስቦ ጠበቀን። የጮኸ የለም። አንድ ሽማግሌ ጤፉ ከበቀለበት ላይ ድንጋይ እየለቀሙ ወደ ዳር ይጥላሉ፤ እኛ ስንደርስም አላቆሙም። እማማን ለመጀመሪያ ጊዜ ካየኋቸው አሥር ዓመት አልፏል። ፀጉራቸው ነጥቷል። አወቁኝ፤ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ።

ኃላፊው ሕዝቡን ጠየቁ። «እንዲህ ያለ ጎርፍ ከዚህ በፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

እማማ መለሱ። «የኔታ በሕይወት ሳለ መጥቶ ነበር። ሐምሌ ዝናብ ባጠረበት ዓመት፣ በነሐሴ። ከዚህ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ጽፌ ልኬላችኋለሁ።»

ኃላፊው ወረቀቱን ከእኔ ተቀብለው ገለጡ፤ ዓመቱን አገኙት፤ በጣታቸው ተከተሉት። ለእማማ በትሕትና ነው የተናገሩት። «እማማ፣ የዚያ ዓመት ትልቁ ሦስት ሜትር ከስድሳ ነው። አምናም ካቻምናም የነበረ ውኃ ነው።»

«ማሽኑ ነው እንዲያ የሚለው?»

«አዎ።»

እማማ ወደ ቋጥኙ ዞረው ጥቂት አዩ። ከዚያ «እንግዲያስ ተሳስቼ ይሆናል» አሉ። «ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ።»

ቢቆጡ፣ ቢከራከሩ፣ ምናልባት ዝም እል ነበር። ልቤ ምን ያህል ፈሪ እንደሆነ ያን ዕለት ያወቅሁት ከዚህ ነው። በዓይናቸው ያዩትን፣ በእጃቸው የለኩትን፣ ማሽኑ አላለም ሲባሉ ሲተዉት ግን መቆም አቃተኝ።

«አልተሳሳቱም» አልኩ። «አራት ዘጠና ብለው ጽፈዋል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማ። ኃላፊው ወረቀቱን እንደያዙ ቀሩ። ድንጋይ የሚለቅሙት ሽማግሌም ቀና አሉ። ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ፤ መነጽሩን፣ ቀዩን ቁጥር፣ ሁሉንም። ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረው ቀያሹ ነው። «እማማ፣ ሰሌዳው አራት ላይ ሲያልቅ እንዴት ለኩት?» አላቸው።

እማማ ወስደው አሳዩን። በጎርፉ ማግስት ውኃው ገለባና ቅጠል ያስቀረበትን መስመር ቋጥኙ ላይ አይተዋል። ከዚያ መስመር እስከ ሰሌዳው ጫፍ ገመድ አውርደው፣ ቋጠሮ አስረው፣ ገመዱን እዚያው ሰሌዳው ላይ ዘርግተው ቆጥረውታል። ያገኙትን በአራት መቶው ላይ የደመሩላቸው የኔታ ናቸው። መስመሩ በደረሰበት ቦታ ቋጥኙን በድንጋይ ፈቅፍቀው ምልክት አድርገውበት ነበር፤ የድንጋይ ሽበት በቅሎበት እንኳ ይታያል። ቀያሹ መሣሪያውን ተክሎ ለካው። እሱ ያገኘው ከእማማ ቁጥር በአራት ጣት ቢበልጥ ነው።

ስንመለስ እማማ እስከ ዳገቱ ሸኙኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ያጠፋሽው እሱ በሕይወት እያለ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንኳን አልሰማ» አሉ። «ድምሩን ሦስት ጊዜ ነበር በቃሉ የደጋገመው፣ እንዳይሳሳትባችሁ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዳገቱ ጫፍ ላይ እንደ መጀመሪያው ሦስት ጊዜ ሳሙኝና ተመለሱ።

መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ከዚያ የከበደ ቅጣት ጠብቄ ነበር። ለቀድሞው ኢንጂነር ስልካቸውን ፈልጌ ደወልኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። «አጥፊው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ፤ ጥፋቱን ለእኔ ብቻ አልተዉትም። ከዚያ ግን እንደ ልማዳቸው ረጋ ብለው፣ «ብትነግሪኝ እኮ መኪና እሰጥሽ ነበር። በአንድ ቀን ሄደሽ ትመለሺ ነበር» አሉ። ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ያ ቃል ቆይቶብኛል።

ቁጥሩን መልሼ አስገባሁት። በሌሎቹም ወንዞች ማሽኑ የሞላቸውን ቀኖች ሁሉ ከመዝገቡ ጋር እያስተያየሁ እንድመረምር ጠየቅሁ፤ ኃላፊው ፈቀዱ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በአብዛኞቹ ላይ ማሽኑ ልክ ነበር፤ አንባቢዎቹ በእርግጥ ተሳስተዋል። ጥቂቶቹ ላይ ግን መዝገቡን ይዤ ወርጄ ስጠይቅ፣ ሰው የሚያስታውሰው፣ ዛፍ ላይ ምልክቱ ያለ ውኃ ሆኖ ተገኘ። የተፋሰሱ ሥሌት በተስተካከለው ቁጥር እንደገና ሲሠራ ሁለት ጠለፋዎች ዲዛይናቸው ከመሠራታቸው በፊት ተለወጠ። የተሰበረው ግንብ ሰፍቶና ዝቅ ብሎ ታደሰ። ጠጠር ከተከመረባቸው ማሳዎች ግማሾቹ ተጠርገው ታረሱ፤ ወንዙ ዳር ያሉት ግን እንደዚያው ቀሩ። የእማማ ማሳ ከነሱ አንዱ ነበር።

እማማ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ወንዙን ሲያነቡ ኖሩ። ሥራውን ሲለቁ ለምራታቸው አስተማሩ፤ ምራትየዋ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ስለነበረች ከቁጥሩ ጎን ቃልም ትጽፋለች። «ዛሬ ውኃው ደፍርሷል»፣ «ከላይ ዛፍ ይዞ መጥቷል» የሚሉ። እኔ ለአዲስ ሠራተኞች ሥራውን ሳስተምር ያንን መዝገብ ነው የማሳያቸው።

ማረፋቸውን የሰማሁት በታኅሣሥ ወር፣ ከመዝገቡ ጋር ምራታቸው በላከችው ቁራጭ ወረቀት ነው። ቀብራቸው አልፎ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ለልቅሶ ወረድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም፤ ምራትየዋም ወደ ጓዳ ገብታ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ዘመድ የከተማ አለባበሴን አይተው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ምናቸው ነሽ?»

«የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ» አልኩ።

እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።